መም፦ ልጆች የሚሮጡበት፣ ወላጆች የማይጠሩት

በመጋቢትና በሚያዝያ ወራት ቅዳሜ ጠዋት፣ በማውንቴን ቪውና በዙሪያዋ ካሉት የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ወደ አንዱ ጎራ ያለ ሰው፣ በሽቦው አጥር ሥር ተደርድረው ልጆቻቸውን የሚጠባበቁ ወላጆችን ያያል። ከየአገሩ የመጣው ሕዝብ ሁሉ እዚያ ነው። ከመካከሉም ሻይ በቴርሞስ፣ ዳቦ በፌስታል ይዛ የመጣች ኢትዮጵያዊት እናት አትጠፋም። አንዳንድ ጊዜም ልጅ ለመጠየቅ ከአዲስ አበባ የመጡ አያት ጋቢያቸውን ተከናንበው ከጎኗ ይቀመጣሉ።

እንዲህ ያሉ አንዲት አያት የልጅ ልጃቸው 400 ሜትር ስትሮጥ ለማየት ሄዱ እንበል። ስምንቱ ልጃገረዶች በየመነሻቸው ሲቆሙ አያት ገና ሩጫው ሳይጀመር ተቆጡ። «ምነው! ያቺኛዋ እኮ ፊት ሄዳ ቆማለች! ዳኛ የለም እንዴ?» አሉ። እናትየዋ ለማስረዳት ሞከረች፤ ግን ከእንግሊዝኛው በቀር ቃል አልመጣላትም። ሩጫው አልቆ ልጅቱ እያለከለከች ስትመጣ አያት «ስንት ሮጥሽ ልጄ?» ብለው ጠየቁ።

«ዋን ላፕ፣ እማማ።»

«ላፕ ደግሞ ምንድን ነው?»

ልጅቱ ቃል አጥታ በጣቷ አየሩ ላይ ክብ ሣለች። የአያት ፊት በራ። «ዙር በይኛ! ምሩጽም እኮ በመጨረሻው ዙር ነው ያሸነፈው!»

«ምሩጽ ማነው?» አለች ልጅቱ።

እዚህ ላይ ነው ነገሩ የሚከብደው። በሩጫ ስሟ በዓለም የታወቀ አገር ልጅ፣ በሳምንት ሦስትና አራት ቀን ሩጫ እየተለማመደች፣ ስለ ሩጫ ከአያቷ ጋር የምትነጋገርበት አምስት ቃል የላትም። ጥፋቱ የልጅቱ አይደለም። ቃሉን ማንም አልሰጣትም።

ከሩጫው ሜዳ ተነሥተው ምሳ ለመብላት የተሰበሰቡ ወላጆች ይህን ጉዳይ ቢያነሡ ክርክሩ ከእንጀራው ቀድሞ ይሞቃል። ለመሆኑ ያ ልጆቹ የሚሮጡበት፣ ቀይ ወይም ሰማያዊ ምንጣፍ የመሰለው፣ በነጭ መስመር የተከፋፈለው ነገር በአማርኛ ምን ይባላል? አንዱ «ትራክ ነው፤ አዲስ አበባም ትራክ ነው የሚሉት» ይላል። ሌላው «ሜዳ በሉትና ተገላገሉ» ይላል። ሦስተኛው «ስታዲየም» ይላል፤ እሱ ግን ሕንፃውን እንጂ መሮጫውን አልነገረም። አንድ የስፖርት አስተማሪ የነበሩ ሰው ከጥግ ቢኖሩ ደግሞ ቡናቸውን አስቀምጠው «መም ነው እንጂ!» ባሉ ነበር።

ትክክለኛዎቹ እኒህ አስተማሪ ናቸው። በኢትዮጵያ ትምህርት ቤቶች የሰውነት ማጎልመሻ መጻሕፍት የአትሌቲክስ ውድድሮች «የመምና የሜዳ ተግባራት» ተብለው በሁለት ይከፈላሉ። የመም የሚባሉት በመሮጫው ላይ የሚካሄዱት ሩጫዎች ናቸው። የሜዳ የሚባሉት ዝላይና ውርወራ ናቸው። የአገር ቤት ጋዜጦችም «የመሮጫ መም»፣ «የመም ውድድር» እያሉ ይጽፋሉ። ቃሉ አጭር ነው፣ ለአፍ ቀላል ነው፣ ከዕለት ንግግር ግን ርቋል። በባሕር ማዶ ያለው ወላጅ ዘንድ ደግሞ ከናካቴው ተረስቷል ማለት ይቻላል።

መም ብቻም አይደለም። አማርኛ አትሌቲክስን በቤቱ ተቀብሎ ባላገር ያደረገ ቋንቋ ነው። ሯጮች በትር እየተቀባበሉ የሚሮጡትን «ዱላ ቅብብል» አለው። የብረቱን ኳስ መወርወር «አሎሎ ውርወራ» አለው። በረጅም ዘንግ ተመርኩዞ መዝለልን «ምርኩዝ ዝላይ» አለው፤ አያቶች ቤተ ክርስቲያን ይዘውት የሚሄዱትን ምርኩዝ ለስፖርት አዋለው። ሦስት ጊዜ እየተስፈነጠሩ መዝለልን ከግዕዝ ቃል ወስዶ «ስሉስ ዝላይ» አለው። በዳገት በቁልቁለቱ የሚሮጠውን «አገር አቋራጭ»፣ በእንቅፋት ላይ የሚሮጠውን «መሰናክል» አለው። እነዚህን ቃላት የሰሙ አያት ስፖርቱን አይተው ባያውቁ እንኳ ነገሩ ምን እንደሆነ ይገምታሉ። የቃል ጥቅሙ ይህ ነው።

«ታዲያ ትራክ ማለት ምን ነውር አለው? የእንግሊዝኛ ቃል በአማርኛ ስንት አለ!» የሚል ይኖራል። ነውር የለውም። እንዲያውም የየአገሩን ቃል መርምሮ ላየ ሰው፣ ሁሉም ከአንድ ቦታ እንደተነሣ ይረዳል፤ ከሰው እግር።

«ትራክ» የሚለው የእንግሊዝኛ ቃል በ15ኛው መቶ ዘመን ከፈረንሳይኛ የተወሰደ ሲሆን ጥንት ትርጉሙ አውሬ ወይም ፈረስ አልፎ የሚተወው የኮቴ ምልክት ነበር። አማርኛ ይህንን ዳና፣ ዱካ፣ ፋና፣ ፈለግ ይለዋል። የመሮጫ ስም የሆነው በኋላ ነው። ጣሊያኖችም መሮጫውን «ፒስታ» ይሉታል፤ መርገጥ፣ መደምደም ከሚል ግሥ የወጣ፣ ተረግጦ የጠና መሬት ማለት ነው።

«ስታዲየም» ደግሞ የግሪክ ቃል ሲሆን በመጀመሪያ የርዝመት መለኪያ ነበር። አንድ ስታዲዮን 600 የግሪክ ጫማ ነው። በኦሎምፒያ የነበረው መሮጫ ርዝመቱ ይኸው ስለነበር፣ ማለትም 192 ሜትር ያህል፣ ልኩ ለሩጫው፣ ሩጫው ለቦታው፣ ቦታው ለሕንፃው ስሙን አወረሰ። የጥንቱ መሮጫ እንደ ዛሬው ክብ አልነበረም፤ ቀጥ ያለ ሆኖ፣ ሁለት ጊዜ የሚሮጥ ሰው ጫፍ ደርሶ ይመለስ ነበር።

ይህ የግሪክ ቃል ግን በስፖርት ብቻ ሳይሆን በመጽሐፍ ቅዱስም ውስጥ አለ። ቤተ ክርስቲያን የሚሄድ አንባቢ ሁሉ ሳያውቀው አንብቦታል። በሉቃስ ወንጌል ምዕራፍ 24 ኤማሁስ ከኢየሩሳሌም የምትርቀው በግሪኩ 60 ስታዲዮን ነው፤ አማርኛው «ምዕራፍ» ብሎ ተረጎመው። ያው ቃል በአንደኛ ቆሮንቶስ ምዕራፍ 9 ሐዋርያው ስለ ሯጮች ሲናገር ተመልሶ ይመጣል፤ እዚያ አማርኛው «የእሽቅድምድም ስፍራ» አለው። ምዕራፍ ዐረፈ ከሚለው ግሥ የወጣ፣ የማረፊያ ቦታ ማለት ነው። እሽቅድምድም ደግሞ ቀደመ ከሚለው ነው። እንግዲህ የአገሪቱ ተርጓሚዎች አንዱን ባዕድ ቃል አንድ ጊዜ በእረፍት፣ አንድ ጊዜ በመቅደም አስረዱት። ስታዲዮን ብለው ቢተዉት ማንም አይቀየማቸውም ነበር፤ አንባቢው ግን ምን ያህል መንገድ እንደሆነ አይገባውም ነበር።

ከሁሉ የሚያስገርመው ግን የ«ፒስታ» ነገር ነው። ጣሊያን በ1935 ኢትዮጵያን ወርሮ (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) እስከ 1941 ሲቆይ መንገድ ሠርቷል፤ የመንገድና የመኪና ቃላትም ትቶ ሄዷል። ፒስታ ከነዚያ አንዱ ነው። በጣሊያን አገር ፒስታ ሯጭና ብስክሌተኛ የሚወዳደርበት ነው። በኢትዮጵያ ግን ፒስታ አስፋልት ያልለበሰ፣ በጋ ሲሆን የሚያቦን፣ ክረምት ሲሆን የሚጨቀይ የገጠር መንገድ ነው። ተመሳሳይ ቃል በአንዱ አገር የስፖርተኛ፣ በሌላው የገበሬና የአህያ መንገድ ሆነ።

ሆኖም የታሪክን ነገር ማን ያውቃል፤ ትርጉሙ ተመልሶ ገጠመ። በአሰላ አካባቢ ያደገው ኃይሌ ገብረ ሥላሴ ልጅ ሳለ ትምህርት ቤቱ 10 ኪሎ ሜትር ይርቅ ስለነበር በየቀኑ ደብተሩን በብብቱ ይዞ ይሮጥ ነበር። ከበቆጂ ደራርቱ ቱሉ፣ ቀነኒሳ በቀለና ጥሩነሽ ዲባባ ወጥተዋል። የእነዚህ ልጆች የመጀመሪያ መሮጫ አፈር ነው፤ ሕዝቡ ፒስታ የሚለው ዓይነት መንገድ። ኃይሌ በ1996 አትላንታና በ2000 ሲድኒ፣ ደራርቱ በ1992 ባርሴሎናና በ2000 ሲድኒ፣ ቀነኒሳ በ2004 አቴንስና በ2008 ቤይጂንግ፣ ጥሩነሽ በ2008 ቤይጂንግና በ2012 ለንደን የ10,000 ሜትር ወርቅ ያመጡት ግን በመም ላይ ነው። የኢትዮጵያ ሩጫ ታሪክ በአጭሩ ከፒስታ ወደ መም የተደረገ ጉዞ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። ይህን በእንግሊዝኛ ለመናገር የሚሞክር ሰው ሁለቱንም «ትራክ» ከማለት ሌላ ብዙ ምርጫ የለውም፤ የገጠሩም መንገድ ትራክ ነው፣ የስታዲየሙም ትራክ ነው። አማርኛ ለይቶ ይጠራቸዋል።

«ዙር»ም እንዲሁ ታሪክ ያለው ቃል ነው። አሥር ሺህ ሜትር 25 ዙር ነው፤ አምስት ሺህ አሥራ ሁለት ዙር ተኩል። በሬዲዮ ዘመን ያደገ ሰው ይህን ቁጥር ማንም ሳያስተምረው ያውቀዋል። እነ ሰሎሞን ተሰማና እነ ደምሴ ዳምጤ የስፖርት ዜና ሲያቀርቡ በነበረበት ጊዜ፣ ቴሌቪዥን የሌለው ቤት ሁሉ መሙን በጆሮው ነበር የሚያየው። ምሩጽ ይፍጠር በ1980 በሞስኮ አምስት ሺውንም አሥር ሺውንም ሲያሸንፍ፣ 300 ሜትር ያህል ሲቀር ፍጥነቱን ድንገት ለወጠና «ማርሽ ቀያሪ» ተባለ። ማርሽ የመኪና ቃል ነው፤ ሕዝቡ ከሹፌሩ ወስዶ ለሯጩ ሰጠው። ደራርቱ ባርሴሎና ላይ ካሸነፈች በኋላ ከደቡብ አፍሪካዊቷ ኤላና ሜየር ጋር እጅ ለእጅ ተያይዘው የድሉን ዙር ዞሩ። አፓርታይድ ገና ሙሉ በሙሉ ሳይፈርስ አንዲት ጥቁር ኢትዮጵያዊትና አንዲት ነጭ ደቡብ አፍሪካዊት አብረው የዞሩት ያ ዙር፣ ከሩጫው ባልተናነሰ ይታወሳል።

ልጅቱ «ላፕ» ያለችውም ቢሆን ከአማርኛ የራቀ አይደለም። የእንግሊዝኛው ቃል ጥንት መጠቅለል፣ አንዱን በአንዱ ላይ መደረብ ማለት ነበር፤ ዙር የተባለውም ከዚያ ነው። በአማርኛም አንድ ሯጭ ሌላውን ሙሉ ዙር ሲቀድመው «ደረበው» ይባላል። ጋቢ በካፖርት ላይ እንደሚደረብ፣ የአንዱ ዙር በሌላው ላይ ይደረባል። ሁለት ቋንቋዎች ሳይመካከሩ አንድ ሥዕል አዩ። ይህን ለአንዲት የአሥራ አምስት ዓመት ልጅ መንገር ምን ያህል ደስ እንደሚላት መገመት አያዳግትም።

አሁን ወደ አያት ቁጣ እንመለስ። «ያቺኛዋ ፊት ሄዳ ቆማለች» ያሉት ለምንድን ነው? መልሱ በመሙ አሠራር ውስጥ ነው፤ በአማርኛም በሚገባ ይነገራል። ደረጃውን የጠበቀ መም ሁለት ቀጥታና ሁለት ጥምዝ አለው። እያንዳንዱ ቀጥታ 84.39 ሜትር ነው፤ ጥምዞቹ ግማሽ ክብ ናቸው። ብዙውን ጊዜ ስምንት መስመር ሲኖረው የአንዱ መስመር ስፋት 1.22 ሜትር ነው። አራት መቶ ሜትር የሚሆነው የውስጠኛው፣ የመጀመሪያው መስመር ብቻ ነው። ወደ ውጭ በተወጣ ቁጥር ክቡ ይሰፋል፣ መንገዱም ይረዝማል። ሁሉም ከአንድ መስመር ላይ ቢነሡ በስምንተኛው መስመር ያለችው ልጅ ከ450 ሜትር በላይ ትሮጥ ነበር። ስለዚህ በ400 ሜትር ውድድር የሁለተኛው መስመር ሯጭ 7.04 ሜትር፣ የስምንተኛው ደግሞ 53.03 ሜትር ወደ ፊት ተስባ ትነሣለች። ፊት የቆመች ትመስላለች፤ የሁሉም መንገድ ግን እኩል ነው። ዳኛው አለ፤ ሥራውንም ሠርቷል። አያት ይህን በቋንቋቸው ቢሰሙ «እንዲያ ነው እንዴ!» ብለው ለጎረቤት ይተርኩት ነበር።

መሙ ራሱ ከምን እንደተሠራም የሚነገር ታሪክ አለ፤ ታሪኩም ከማውንቴን ቪው በመኪና ብዙ ከማይርቀው ከሳን ሆዜ ጋር የተያያዘ ነው። በድሮው ዘመን መም ከድንጋይ ከሰል ቅሪትና ከደቃቅ አፈር ይደለደል ነበር፤ ዝናብ ከመጣ ይላቁጣል። በ1968 በሜክሲኮ ከተማ በተደረገው ኦሎምፒክ ለመጀመሪያ ጊዜ ዝናብ የማይጎዳው፣ እንደ ጎማ የሚነጥር ሰው ሠራሽ መም ተነጠፈ። «ታርታን» ይባል ነበር፤ ስሙ የአንድ አሜሪካ ኩባንያ የዕቃ ስም ሲሆን፣ ብዙ ሰው ዛሬም እንዲህ ያለውን መም ሁሉ ታርታን ይለዋል።

በዚያ አዲስ መም ላይ ጥቅምት 13 ቀን 1968 ማሞ ወልዴ በ10,000 ሜትር ከኬንያዊው ናፍታሊ ቴሙ ከግማሽ ሰከንድ ባነሰ ተቀድሞ የብር ሜዳሊያ ወሰደ። ከሦስት ቀን በኋላ፣ ጥቅምት 16፣ በዚያው መም ላይ የሳን ሆዜ ስቴት ተማሪዎች የነበሩት ቶሚ ስሚዝና ጆን ካርሎስ 200 ሜትር ሮጡ። ስሚዝ በ19.83 ሰከንድ የዓለም ክብረ ወሰን ሰብሮ አንደኛ፣ ካርሎስ ሦስተኛ ሆነ፤ በሽልማቱ ሰገነት ላይም ጥቁር ጓንት ያጠለቁ እጆቻቸውን ወደ ላይ አነሡ። የሳን ሆዜው ሊ ኢቫንስም ጥቅምት 18 ቀን 400 ሜትሩን በ43.86 ሰከንድ አሸነፈ። ጥቅምት 20 ቀን ማሞ ማራቶኑን አሸንፎ ወደዚያው ስታዲየም ገባ። ይህ ማኅበረሰብ የሚኖርበት ሸለቆና የመጣበት አገር በአንድ ሳምንት ውስጥ በአንድ መም ላይ ረግጠዋል ማለት ነው። በሳን ሆዜ የሚያድጉ ስንት የኢትዮጵያ ልጆች ይህን ሰምተዋል?

የሳን ሆዜ አሠልጣኝ የነበረው የባድ ዊንተር ስም የተሰጠው ሜዳና መም ግን ዛሬ የለም። ዩኒቨርሲቲው በ1988 የአትሌቲክስ ቡድኑን ዘጋ፤ ከብዙ ዓመት በኋላ ቡድኑን መልሶ ሲያቋቁም እንኳ አሮጌው መም ፈርሶ በቦታው ላይ የመኪና ማቆሚያ ተሠራ። የቀረው በዩኒቨርሲቲው ግቢ ውስጥ በ2005 የቆመው የሁለቱ ሯጮች ሐውልትና «ስፒድ ሲቲ»፣ የፍጥነት ከተማ የሚለው ስም ነው። ከዚህ የሚወሰድ ትምህርት አለ። መሬት ይሸጣል፣ ይታረሳል፣ ይገነባበታል። ስም ግን የሚናገረው ሰው እስካለ ድረስ ይቆያል። የሚናገረው ሰው ካልኖረ ቦታው ቢኖርም ባዳ ይሆናል።

በዚያው በ2019፣ ሰኔ 30 ቀን፣ ከማውንቴን ቪው አጠገብ ባለው በስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ መም ላይ ታላቁ የፕሪፎንቴይን ውድድር ተካሄደ፤ የኦሪገኑ ስታዲየም በእድሳት ላይ ስለነበር ነው ወደዚህ የመጣው። በሴቶች 3,000 ሜትር እነ ለተሰንበት ግደይና ገንዘቤ ዲባባ ሮጠዋል። ያሸነፈችው ግን በ8 ደቂቃ ከ18.49 ሰከንድ ሲፋን ሐሰን ናት፤ አዳማ ተወልዳ፣ በልጅነቷ በስደት ሆላንድ ገብታ፣ ለሆላንድ የምትሮጥ። ከዚያ መም አጥር ውጭ በብስክሌት የሚደርሱ የኢትዮጵያ ልጆች አሉ። የስደተኛ ልጅ የት ልትደርስ እንደምትችል ለማሳየት ከዚህ የቀረበ ምሳሌ አይገኝም።

እዚህ ላይ ሁለት ዓይነት ተቃውሞ ይመጣል። የመጀመሪያው «ልጁ አማርኛ ሰላምታ እንኳ በቅጡ አይችልም፣ መምና አሎሎ ምን ያደርግለታል?» የሚለው ነው። ተቃውሞው እውነት ያለው ይመስላል፤ ነገር ግን የሚያየው በተቃራኒው ነው። ልጅ ቋንቋ የሚይዘው ከሚወደው ነገር ጋር ሲመጣለት ነው። በቅዳሜና እሑድ የአማርኛ ትምህርት ልጁ «በሬ»፣ «ማረሻ»፣ «ጎተራ» ይማራል። ጥሩ ቃላት ናቸው፤ ግን በሬ በማውንቴን ቪው የለም። መም ግን በየትምህርት ቤቱ አለ። ዙር፣ መም፣ መነሻ፣ ጥምዝ፣ ዱላ ቅብብል የሚሉት ቃላት ሰኞ ከሰዓት በኋላ ልጁ በእግሩ የሚረግጣቸው ነገሮች ናቸው። ቋንቋ በአንድ ቤት ውስጥ የሚሞተው ማንም ሳይከለክለው ነው፤ በዕለት ኑሮ የሚታየውን ነገር መጥራት ሲያቆም፣ ለበዓልና ለቁጣ ብቻ ሲቀር።

ሁለተኛው ተቃውሞ ከሌላ ወገን ይመጣል። «አማርኛ በእንግሊዝኛ ተበከለ፣ ትራክ የሚል ልጅ ይታረም» የሚሉ አሉ። እነዚህም ቢሆኑ ልጁን ያርቁታል እንጂ አያቀርቡትም። ቋንቋ ከሌላ ቋንቋ ቢወስድ አይቆሽሽም። ፒስታ የጣሊያን፣ ስታዲየም የግሪክ ነው፤ ማርሽም ከመኪናው ጋር የመጣ ባዕድ ቃል ነው። ማንም ሳይቆጣቸው አማርኛ ሆነዋል። ልጁ ለአሠልጣኙ ትራክ ይበል፤ ለአያቱ መም ይበል። ሁለት ስም ያለው ነገር ለልጁ ሁለት በር ነው። መጥፎው ነገር አንዱ በር ተዘግቶ አያቱ ውጭ መቅረታቸው ነው።

«ስም ይወጣል ከቤት፣ ይቀበላል ጎረቤት» ይባላል። ስሙን ከቤት የሚያወጣው ወላጅ ነው። ለዚህ ደግሞ ገንዘብም ኮሚቴም አያስፈልግም። ልጁን ከልምምድ የሚያመጣ አባት መኪና ውስጥ «ዛሬ ስንት ዙር ሮጥክ?» ብሎ መጠየቅ ይችላል። ልጁ በእንግሊዝኛ ቢመልስም ጥያቄው ገብቶታል፤ ከሳምንት በኋላ «ስምንት ዙር» ብሎ ይመልሳል። የአማርኛ ትምህርት የሚሰጡ አብያተ ክርስቲያናትና ማኅበራት በዓመት አንድ ጊዜ ክፍሉን ትተው ልጆቹን ወደ አንድ ትምህርት ቤት መም ቢወስዱ፣ በአንድ ከሰዓት ከሃያ ቃላት በላይ ያስጨብጣሉ፤ አያቶችም ተመልካች ብቻ ሳይሆኑ አስተማሪ ይሆናሉ። በ1984 የተመሠረተው በሰሜን አሜሪካ የኢትዮጵያውያን ስፖርት ፌዴሬሽን በየዓመቱ በሐምሌ ወር ሕዝቡን በእግር ኳስ ይሰበስባል። ኳሱ በሚካሄድባቸው ስታዲየሞች ብዙዎቹ ዙሪያ መም አለ፤ ኳሱ እስኪጀመር ድረስ ግን ሰው ሳምቡሳ ይዞ ያልፍበታል እንጂ አይሮጥበትም። አንድ የልጆች ሩጫ በአማርኛ እየተነገረ ቢካሄድበት፣ «በመስመር ሦስት እገሊት፣ የመጨረሻው ዙር ደወል ተደወለ» ሲባል ልጆቹ የወላጆቻቸውን የሬዲዮ ዘመን ለመጀመሪያ ጊዜ በጆሯቸው ይሰሙ ነበር።

ለጥያቄዋም መልስ ይሰጣት። «ምሩጽ ማነው?» ላለችው ልጅ ሊነገራት የሚገባው፣ ምሩጽ ይፍጠር በ1972 ሙኒክ የነሐስ፣ በ1980 ሞስኮ ሁለት የወርቅ ሜዳሊያ ያገኘ፣ በኋላም እንደ ወላጆቿ ከአገሩ ወጥቶ ካናዳ የኖረና በታኅሣሥ 2016 በቶሮንቶ ያረፈ ሰው መሆኑ ነው። እሱም ስደተኛ ነበር። በቶሮንቶ መንገድ ላይ ሲያልፍ የማያውቀው ሰው ተራ ሽማግሌ ያየ መስሎት ይሆናል። ስሙን የሚያውቅ ግን ከመኪናው ወርዶ ጉልበት ይስም ነበር።

የሚቀጥለው ቅዳሜ ሲመጣ ስምንት ልጃገረዶች እንደገና በየመነሻቸው ይቆማሉ። በስምንተኛው መስመር ያለችው ፊት የቆመች ትመስላለች። በአጥሩ ሥር ጋቢ የለበሱት አያት ይህን ጊዜ አይቆጡም፤ የልጅ ልጃቸው በመኪና ውስጥ አስረድታቸዋለች። ደወሉ ሲደወል ብቻ ተነሥተው፣ የሕንዱም የሜክሲኮውም ወላጅ ዞር ብሎ እስኪያያቸው ድረስ «አይዞሽ ልጄ! ጥምዙን ጨርሰሽ ማርሽ ቀይሪ!» ብለው ይጮኻሉ። ልጅቱም ትሰማለች፤ ይገባታልም።